የአስማረ ጅራፍ

ይህን ነገር ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ሌላ ሌላውን ሁሉ የሟች ባሌ መቃብር ላይ ሄጄ አወራለሁ፤ ይህን ግን እዚያም ደርሼ ዋጥ አድርጌው እመለሳለሁ። እናንተ የምትሰሙኝ ማን እንደሆናችሁ አላውቅም፣ ባላውቅም ይሻለኛል። ከንፈር ልትመጥጡልኝ ከሆነ ግን ከአሁኑ ተነሱ። «አይዞሽ፣ በሰው ላይ የሚደርስ ነው» የሚለኝ ካለ እሱንም አልፈልገውም። አልደረሰብኝም። እኔ ነኝ ያደረስኩት።

በእኛ በእስላሞቹ ዘንድ ለሰው መናዘዝ የለም። ጥፋትህን ለአላህ ትነግረዋለህ፣ እሱ ይሸፍንልሃል። የሰው ሐቅ ግን ሌላ ነው። የሰው ሐቅ ካለብህ ባለሐቁ ራሱ «አፉ ብዬሃለሁ» እስኪልህ ድረስ ብትጾምም ብትሰግድም ካንገትህ አይወርድም። እናቴ አገር ቤት ሐይቅ ሳለን ይህንን ነበር የምትነግረን፤ እኛም ጥርሳችንን እየፋቅን እንሰማት ነበር። የእኔ ባለሐቅ የት እንዳለ አላውቅም። በሕይወት ይኑር አይኑርም አላውቅ። ስለዚህ ለእናንተ እናገራለሁ፣ ሌላ ምን አማራጭ አለኝ?

ሰው ተኩሼ መትቻለሁ። ይህንን የምኖርበት የካርቱም ሰፈር፣ ሐጅ ዩሱፍ፣ ሁሉ ያውቀዋል፣ ሲያሞግሰኝም ከርሟል። «ያቺ ሌባ የጣለችው ሐበሻ» ነበር ስሜ። ሰፈሩ የማያውቀው፣ እኔ የማውቀው ይህ ነው፤ የመታሁት ሰው ሌባ አልነበረም። አለመሆኑንም ፖሊስ ፊት አፌን ስከፍት አሳምሬ አውቅ ነበር።

ስሜ ሉባባ ነው። ካርቱም የገባሁት ለሰው ቤት ሥራ ነው። ሪያድ በሚባለው የሀብታም ሰፈር አንድ ቪላ ውስጥ ወጣትነቴን ጨረስኩ። እመቤቲቱ ስሜን መያዝ አቅቷት «ያ ሐበሺያ»፣ አንቺ ሐበሻ፣ ነበር የምትለኝ፤ እስክወጣ ድረስ ሌላ ስም አልነበረኝም። የቪላው ሾፌር ዑስማን አገባኝ። ሱዳናዊ ነው፣ ደግ ነበር፣ አላህ ይዘንለት። በእሱ በኩል ጂንሲያ አገኘሁ፣ የሱዳን ዜግነት ማለት ነው። ይህ ወረቀት ለሐበሻ ምን እንደሆነ ካርቱም ያልኖረ አይገባውም። «ከሻ መጣ» ሲባል፣ ፖሊስ የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውን ሊያፍስ ሲመጣ ማለት ነው፣ የአገሬ ልጆች አጥር ለአጥር ሲዘሉ እኔ ደጃፌ ላይ ቆሜ ሻይዬን እጠጣ ነበር። ደስ ይለኝ ነበር ወይ? አዎ፣ ደስ ይለኝ ነበር። ይህንንም ያዙልኝ።

ዑስማን ሲሞት በቀረችኝ ጥሪት ሐጅ ዩሱፍ ላይ ሱቅ ከፈትኩ። ስኳር፣ ዘይት፣ ማሽላ፣ ሳሙና፣ ገመድ፣ ለሐበሾቹ ደግሞ በገዳሪፍ በኩል የሚመጣ በርበሬና ሽሮ። ግማሹ ደንበኛዬ ሐበሻ ነበር። በአማርኛ ሲያናግሩኝ በአረብኛ እመልስላቸዋለሁ። ሱዳኖቹ ጎረቤቶቼ እንዲሰሙኝ ነዋ! እኔ ከእነዚህ አይደለሁም ለማለት ነዋ! ሰው ከወገኑ ለመለየት ሲል ምን ያህል እንደሚለፋ እኔን ጠይቁኝ።

ተዘረፍኩ። ጠራራ ፀሐይ ነበር፣ የቀትር ሶላት ገና መውጣቱ። ሁለት ሆነው በሞተር መጡ። ካርቱም እንዲህ በሞተር መጥተው ነጥቀው የሚጠፉትን «ቲስዓ ጠዊላ» ትላቸዋለች፣ ሁሉም ይፈራቸዋል። አንዱ ገጀራ አንገቴ ላይ አኖረ፣ ሌላው መሳቢያውን ገለበጠው። ገንዘቡን ወሰዱ፣ ስልኬን ወሰዱ፣ ይውሰዱት። ሊወጡ ሲሉ ያ ባለገጀራው ጆሮዬን አየ። ዑስማን ለሠርጋችን ያሠራልኝ የጆሮ ወርቅ ነው። «ልፍታልህ፣ ወላሂ ልፍታልህ» ብዬ ለመንኩት። አልጠበቀኝም። ከነሥጋው መነጨቀው። ይኸው ግራ ጆሮዬ እስከ ዛሬ ለሁለት የተሰነጠቀ ነው፣ ሻሼን ዝቅ አድርጌ የምጠመጥመው ለጽድቅ እንዳይመስላችሁ።

ጎረቤቶቼስ? በየበራቸው ስንጥቅ ቆመው ያዩ ነበር። ዓይናቸውን አይቼዋለሁ። ሞተሩ ከሄደ በኋላ ነው ወጥተው «ውይ፣ ምን ሆንሽ?» ያሉኝ። ፖሊስ ጣቢያ ደሜን ይዤ ስሄድ ተረኛው ሻዩን እያማሰለ፣ «ወርቅ አንጠልጥለሽ ሱቅ ተቀመጪ ያለሽ ማነው? ወደ አገርሽ አትሄጂም?» አለኝ። ጂንሲያዬን ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩለት። «አገሬ ይህ ነው!» አልኩት። ሳቀብኝ፣ አፈር ይብላና።

የዑስማን ታላቅ ወንድም በጡረታ የወጣ ወታደር ነው። ባለሱቅ ነሽ፣ ተዘርፈሻል፣ ዜግነት አለሽ፣ ሕጉ ይፈቅድልሻል ብሎ እሱ ነው ሩክሳውን፣ የመሣሪያ ፈቃዱን፣ ያስወጣልኝ። ሽጉጡን ገዛሁ። ማኅተም ያለበት ሕጋዊ ሽጉጥ ነው፣ የተደበቀ ነገር የለውም። ከከተማው ጫፍ ወስዶ ባዶ የዘይት ጀሪካን ላይ ሲያለማምደኝ አንድ ነገር አስጠነቀቀኝ። «ሳታዪ እንዳትተኩሺ። ይህ ወረቀት የሚያድንሽ የመታሽው ሰው ሌባ ከሆነ ብቻ ነው። ሌባ ካልሆነ ወረቀቱ ራሱ ያንቅሻል» አለኝ። ተጠንቀቂ ማለቱ ነበር። እኔ ግን ሌላ ነገር ነው የተማርኩበት፣ ስንደርስ ታዩታላችሁ።

ሽጉጡን ከሚዛኑ ሥር አስቀመጥኩት። ወሬው በሰፈሩ ሲሰማ ሰው ሁሉ አንገቱን ሰበረልኝ። እዚያ ማዶ ያለው ሥጋ ሻጭ እንኳ፣ ስዘረፍ በሩን የቀረቀረብኝ፣ «ያ ሲቲ» ማለት ጀመረ፣ እመቤቴ እንደማለት ነው። ልቤ አበጠ። ዝርዝር ያጣ ደንበኛ ላይ መጮህ፣ ሕፃን ይዛ የምትጋፋኝን ሴት መገላመጥ፣ የሽሮውን ቀለም የጠየቀኝን ሐበሻ «ካልፈለግህ ተወው!» ማለት ሥራዬ ሆነ። እናንተ ሽጉጥ ያለው ሰው ሌባ ይፈራል ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። እኔ ፈርቼ ነው የጀመርኩት፤ ኋላ ግን ፍርሃቱ ቀርቶ ናፍቆት ሆነብኝ። ሌባ ናፈቀኝ! ሞተር ባለፈ ቁጥር እጄ ሚዛኑ ሥር ይገባል። ያ ባለገጀራው ተመልሶ በመጣ፣ በመጣ እያልኩ እውል ነበር።

አስማረ የሚባል ጎጃሜ ነበር። የቀን ሠራተኛ ነው፣ ሕንፃ ላይ ሲሚንቶ ያቦካል። ሚስቱ ትርንጎ እንደ ድሮው እንደ እኔ ሪያድ ሰው ቤት ትሠራለች። ሁለቱም ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የላቸውም። አስማረ ጥርሱ አይከደንም፣ አፉም አያርፍም። በር ላይ ሳለ ጀምሮ «እታለም፣ እንዴት ዋልሽ?» ይላል ድምፁን ከፍ አድርጎ። በአረብኛ ስመልስለት ይስቃል። «እታለም፣ ስኳሩ እንኳ አንቺ ዘንድ ሲከርም ይመራል እኮ» ብሎኛል አንዴ፣ ሰው ፊት። እንዴት እንደጠላሁት! እታለም የሚለኝ ምኔ ሆኖ ነው? ማን እህት አደረገኝ? ዛሬ ሳስበው ካርቱም ውስጥ ከዑስማን ሌላ በወግ በማዕረግ የጠራኝ እሱ ብቻ ነበር።

ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡ ሰፈሩን ጭቃ ባደረገበት ሰሞን፣ አስማረ መጥቶ የቃጫ ገመድ ገዛ። ጥሩውን መርጦ፣ በእጁ እየፈተለ እያየ። አንዳንድ ነገር አወራ፣ ምን እንዳለ አላስታውስም። ለክቼ ሰጠሁት፣ ሄደ።

በዚያው ሳምንት ከእኛ መንገድ ማዶ አንድ የእህል ነጋዴ ሱቁ በር ላይ በጥይት ተመቶ ሞተ። ሞተረኞቹ ከገጀራ ወደ ሽጉጥ ተሻግረዋል ተባለ። ሰፈሩ ተሸበረ፣ እኔም እህል አልወርድ አለኝ። ይህንን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም፣ ነገሩ እንዲገባችሁ ነው።

አንድ ቀን አመሻሹ ላይ፣ ከዐሥር ሶላት በኋላ፣ ዝናብ ጥሎ ካባራ በኋላ፣ መብራት ጠፍቶ ሱቄ ደብዘዝ ብሎ ሳለ ስኳር እመዝን ነበር። መንገዱ ላይ ዝር የሚል የለም። ጧ! የሚል ድምፅ ከግድግዳዬ ጀርባ ሰማሁ። ወዲያው ደግሞ ጧ! አለ፣ አሁን ቀርቦ። የወንዶች ጫጫታ ተከተለው። ሽጉጡን ከሚዛኑ ሥር መንጭቄ በሩ ላይ ወጣሁ። ዱላ የያዙ ሰዎች ከጥጉ ብቅ አሉ፣ የፊተኛው እጁን ሽቅብ አንሥቷል። ሳታዪ እንዳትተኩሺ ተብያለሁ አይደል? ምን አየሁ? የተነሣ እጅ አየሁ፣ እሱን ብቻ። ተኮስኩ።

የፊተኛው ሰው ጭቃው ላይ ቁጭ አለ። አልወደቀም፣ እንደደከመው ሰው ቁጭ ነው ያለው። ቀኝ ክንዱ ከክርኑ ላይ ተሰብሮ ተንጠልጥሏል። ሌሎቹ ዱላቸውን እየጣሉ በረሩ፤ ኢቃማ የሌለው ሰው ደም ባለበት አይቆምም። የተቀመጠው ቀና ብሎ አየኝ። «እታለም፣ እኔ እኮ ነኝ» አለኝ። አልጮኸም፣ አልተሳደበም። ያስደነገጠኝ እሱ ስለሆነ ይቅርታ የሚጠይቀኝ ይመስል ነበር።

አስማረ ነው። ከጎኑ ጭቃው ላይ የተጋደመው ደግሞ ጅራፍ ነው፣ የሸጥኩለት ቃጫ ተገምዶ። ጅራፍ አላውቅም ልበላችሁ? የሐይቅ ልጅ ነኝ! ክረምቱ ሊወጣ ሲል አገሩ በጅራፍ ጩኸት ነው የሚናጠው። ቡሄ ሲደርስ እስላም ክርስቲያን ሳንባባል ሆያ ሆዬ ብለን፣ የጎረቤታችንን ሙልሙል በልቼ ያደግሁ ነኝ። የቡሄ ዋዜማ ነበር። እነ አስማረ ካርቱም ላይ፣ ያውም ጢማቸውን የሚላጩ ትልልቅ ሰዎች፣ አገራቸው ትዝ ብሏቸው በየሐበሻው ሱቅ ሊጨፍሩ ነው የወጡት። ከእኔ ነበር የጀመሩት።

እዚህ ላይ ባቆም ስሕተት ትሉት ነበር። አላቆምኩም።

ኡኡ አልኩ። ተኳሿም እኔ፣ ጯሂዋም እኔ። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል የተባለው ለእኔ ነው። ጎረቤቶቼ ወጡ፣ እነዚያ ወርቄ ከነጆሮዬ ሲነጠቅ በር የዘጉት ሁሉ እንደ ጀግና ወጡ። «ሐራሚ! ሐራሚ!» አሉ፤ ሌባ፣ ሌባ ማለት ነው። ሥጋ ሻጩ ቀድሞ ደረሰና በእግሩ መታው። አንድ ቃል ነበር የሚያስፈልገው፤ «ላ!» ማለት፣ አይደለም ማለት። ያን ሁሉ ዘመን በአረብኛዬ ስመጻደቅ ኖሬ አንዲቷ ፊደል ከጉሮሮዬ አልወጣ አለች። አልወጣ አለች ልበል ወይስ አላወጣኋትም? አላወጣኋትም። የዑስማን ወንድም ያለኝ ነው በራሴ ውስጥ የሚጮኸው፤ ወረቀቱ የሚያድንሽ የመታሽው ሌባ ከሆነ ብቻ ነው። ወረቀቱ ሌባ ፈለገ። እኔ ሰጠሁት። ጎንበስ ብዬ ጅራፉን አነሣሁና በነጠላዬ ጠቅልዬ ከስኳሩ ጆንያ ጀርባ ወረወርኩት።

ፖሊሶቹ መጡ። አስማረ በግራ እጁ ደሙን አፍኖ ሊያስረዳቸው ሞከረ። አረብኛው ምን አለና? የሥራ አረብኛ ነው፤ ሲሚንቶ፣ ውሃ፣ አሸዋ፣ ያላ፣ ኸላስ። «ዒድ! ዒድ!» አላቸው፣ በዓል ነው ለማለት። ፖሊሱ፣ «ዒድ ካለፈ ስንት ጊዜው! የምን ዒድ ነው?» ብሎ ሳቀ። ሰዉም ሳቀ። ጅራፍን በአረብኛ ምን ይበለው? ቃሉን አያውቅም። የዳነችውን እጁን ከቁስሉ ላይ አነሣና ከራሱ በላይ አዙሮ፣ እንዲህ ጧ አድርጌ፣ ብሎ አሳያቸው። ፖሊሱ ሊማታ መስሎት በዱላ መታው። እኔ ቃሉን አውቀዋለሁ። ሶጥ ነው። በሱዳን ሕፃን ልጅ የሚያውቀው ቃል ነው። ምላሴ ላይ ነበር፣ ዋጥኩት።

«ሊዘርፍሽ ነው የመጣው?» አለኝ።

«አይዋ» አልኩ። አዎ።

«ታውቂዋለሽ?»

«ላ። አይቼው አላውቅም።»

ያቺ «ላ» ለዚህ ጊዜ ወጣችልኝ። አስማረ ይህን ያህል አረብኛ አያጣም፣ ሰምቶኛል። ዓይኑን ከእኔ ላይ አንሥቶ ሱቄ ውስጥ ወዳለው የስኳር ጆንያ ተመለከተ። ከዚያ ጫኑት።

በማግስቱ ሰፈሩ አመሰገነኝ። ሥጋ ሻጩ ጉበት ላከልኝ። ሌቦቹም እውነትም ሸሹኝ፣ ከዚያ ወዲያ የደፈረኝ የለም። ሐበሾቹ ግን እግራቸውን አነሡ። እንዳልዘረፈኝ ያውቃሉ፣ አብረውት የነበሩት ያውቃሉ፤ ግን ማን ነው ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ የሚመሰክር? የሚመሰክር ሐበሻ ኢቃማውን ይጠየቃል፣ ኢቃማ ከሌለው እሱም እዚያው ይቀራል። ይህን አውቄ ነው ደረቴን ነፍቼ የተቀመጥኩት። የወገኖቼን አፍ በወረቀታቸው ነው ያሰርኩት።

ትርንጎ መጣች። ማለዳ ነበር፣ ሱቁን ገና መክፈቴ። ከሪያድ ድረስ ከአሠሪዎቿ ተደብቃ ነው የመጣችው። ደፉን አላለፈችም፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ውጭ ቆመች።

«እትዬ ሉባባ፣ ልወቅስዎት አልመጣሁም» አለችኝ። «ደንግጠው ነው። እሱም ከእስር ቤት በሰው የላከብኝ ይኸንኑ ነው፣ 'እታለም ደንግጣ ነው እንጂ' ይላል። ክንዱ እንግዲህ አይታጠፍም ብለውታል፣ እሱም ይሁን። ጅራፏን ብቻ ይስጡኝ። ጅራፏን ካዩ ያምኑታል።»

ጅራፏ አጠገቤ ነበረች። እጄን ብዘረጋ አገኛታለሁ። በአረብኛ ጅራፍ የሚባል ነገር አላየሁም፣ ባልሽንም አላውቀውም አልኳት። አልገባትም መሰለኝ፣ ቆማ ጠበቀችኝ። ያ ጥበቃዋ አናደደኝ። ያን ጊዜ በአማርኛ ተናገርኩ። «ዳግመኛ እዚህ በር ላይ ባይሽ ከሻ ነው የምጠራብሽ!» አልኳት። ስንት ዘመን በአማርኛ የለመኑኝን ሁሉ በአረብኛ መልሼ፣ አማርኛዬን ያወጣሁት ለዚህ ነው።

«እሺ እትዬ» አለች። ሄደች። ከኋላዋ ሆኜ አየኋት፣ አካሄዷ እንደ ሰው ቤት ሠራተኛ ነው፣ ግድግዳ ግድግዳውን። የራሴን አካሄድ ነበር ያየሁት።

ፍርድ ቤት ቀረብኩ። እጄን ቁርአን ላይ ጭኜ ያንኑ ደገምኩ። ሊዘርፈኝ መጣ፣ አላውቀውም። በክርስቲያን ላይ በቁርአን ማልኩ! አስማረ ክንዱን በጨርቅ አንጠልጥሎ ቆሟል፣ ከሲታ ሆኗል። አስተርጓሚ አልነበረም፤ ቢኖርም ያላየሁትን ጅራፍ ከየት አምጥቶ ይተረጉምለታል? ፈረዱበት። ሽጉጤን መለሱልኝ፣ ከሩክሳው ጋር። ዳኛው በሕግ እንደተከላከልኩ ነገረኝ። እኔም «አላህ ይስጥልኝ» ብዬ ወጣሁ። ሹክራን አልኩት እኮ! ሰው እንዴት ይህን ያህል ይደፍራል?

ቀጥሎ ጦርነቱ መጣ። ዘራፊዎቹ አሁን በሞተር አይደለም፣ በመኪና ነው የመጡት፣ እኔ ጀሪካን ላይ የተለማመድኩበት አሻንጉሊት ከእነሱ መትረየስ ፊት ምን ሊሆን? የእነማን ወታደሮች እንደነበሩ ምን ያደርግላችኋል፣ የሚዘርፍ ሁሉ ፊቱ አንድ ነው። ሽጉጡ ከሚዛኑ ሥር ነበር። ሕጋዊ ነው፣ ወረቀቱ ጡቴ ሥር ነው። እጄን አላነሣሁም። አስማረ ላይ እንደዚያ የፈጠነች እጄ ጉልበቴ ላይ ተጋደመች። ሽጉጡን አግኝተውት እንደ መጫወቻ ሲቀባበሉት ሳቁ። ዘይቱን ጫኑ፣ ማሽላውን ጫኑ፣ ሳሙናውን ሳይቀር ጫኑ። በመጨረሻ የስኳሩን ጆንያ ሲያነሡ ጅራፉ ወደቀ።

አንዱ አነሣውና አገላበጠው። «ምንድን ነው ይሄ?» አለኝ።

«ሶጥ» አልኩት።

ያን ጊዜ ቃሉ ወጣልኝ! ለማን? ለሌባ። ጅራፉን ፊቴ ላይ ወርውሮልኝ ሄደ፣ ለሱ የማይረባ ነገር ነው። ስለዚያ ሱቅ ብዬ የሰው ክንድ ሰብሬያለሁ፣ በሐሰት ምያለሁ፣ ምስኪን ሴት አባርሬያለሁ። ከዚያ ሱቅ የቀረልኝ ጅራፉ ብቻ ነው።

በዚያው ሰሞን የእስር ቤቶቹ በር ተከፍቶ እስረኛው ሁሉ ወጣ ተባለ። አስማረ አብሮ ወጣ ይሆን? በአንድ ክንዱ ያንን ሁሉ መንገድ ተሻገረ ይሆን? ጠየቅሁ። ከሰፈሩ ሐበሻ የቀረ የለም፣ የሚመልስልኝ አላገኘሁም። ትርንጎን ሪያድ ድረስ ሄጄ ፈለግኋት፣ ቪላዎቹ በራቸው ወልቆ ባዶ ናቸው። አሁን ሰዉ ጥቂት ጥቂት እየተመለሰ ነው፤ እኔ ባዶው ሱቅ ውስጥ ነው የምውለው። የመጣውን ሐበሻ ሁሉ በአማርኛ ሰላም እላለሁ። ይገርማቸዋል።

አሁን አንድ የዘለልኩት አለ። አስማረ ቃጫውን ሲገዛ ምን እንዳለ አላስታውስም ብያችኋለሁ። ዋሸሁ። እናንተም ፊት ዋሸሁ፣ ልማድ ሆኖብኝ። እንዲህ ነው ያለኝ፤ «እታለም፣ ለጅራፍ ነው እኮ። የቡሄ ዋዜማ መጀመሪያ አንቺ በር ላይ ነው የማጮኸው፣ አገርሽ ትዝ ቢልሽ ብዬ። ታዲያ እንዳትደነግጪ።» እኔ ቀና እንኳ ሳልል «ኸላስ፣ ሂድ» ብዬዋለሁ።

ነግሮኝ ነበር። አትደንግጪ ብሎኝ ነበር። መጀመሪያ ሲጮኽ ጥይት ነው የመሰለኝ፣ በዚህ አልዋሽም። ሁለተኛው ሲጮኽ ግን ከሆዴ ውስጥ አንድ ነገር «ቡሄ» ብሏል። ብሏል! ሰምቼዋለሁ። ሽጉጡ ግን በእጄ ገብቶ ነበር፣ ሌባ ናፍቆኝ ነበር፣ እጄን የሚመልስ ልብ አልነበረኝም። አስማረ ይህን ለሚስቱ እንኳ አልነገራትም። ነግሬያት ነበር ሳይል፣ ደንግጣ ነው ብሎ ሸፈነልኝ። ይህን እንደ አፉታ ልውሰደው? አልወስደውም። ያን ያለው እውነቱን እናገርለታለሁ ብሎ ሲጠብቀኝ ሳለ ነው።

አፉ በሉኝ አልላችሁም። ሐቁ የእናንተ አይደለም፣ ብትሉኝም አይሠራም። አስማረንም አፉ በለኝ ለማለት አፍ የለኝም። የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ የቂያማ ቀን አስማረ ያቺን ክንዱን ይዞ ይመጣል፣ ያን ቀን ቋንቋ አያጥረውም። ያ ፖሊስ የጠየቀኝን ይጠይቁኛል፤ ታውቂዋለሽ? ይሉኛል። እስከዚያ ድረስ መልሱን እየደጋገምኩ እለማመዳለሁ። አዎ፣ አውቀዋለሁ። አስማረ ነው። ቃጫውን የሸጥኩለት እኔ ነኝ። ሊዘርፈኝ አልመጣም፣ ቡሄ ሊልልኝ ነው የመጣው። ነግሮኝም ነበር።